የኳስ ማኅበርና የልብስ አጣቢዋ ሒሳብ

ራት ተበልቶ ቡና በቀረበበት በአንድ እሑድ ማታ፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን የእንግሊዝን አገር የእግር ኳስ ወሬ ሲመለከት ቆይቶ ወደ እኛ ቀረበና፥ «አባባ፥ አንድ ቡድን ሳይሸነፍ ነጥብ የሚቀነስበት ስለ ምንድር ነው?» ሲል ጠየቀን። ነገሩ ሼፊልድ ዌንዝዴይ ስለሚባለው ክለብ ነበር። ይህ በ1867 ዓ.ም. የተመሠረተ ጥንታዊ ክለብ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በ2025 በጥቅምት ወር አስተዳደሩ በባላደራ እጅ ስለ ገባ፥ እንደ ደንቡ 12 ነጥብ ተቀነሰበት። እስከዚያ ቀን ተጫውቶ ያገኘው 6 ነጥብ ብቻ ስለ ነበረ፥ ከባዶ በታች ወርዶ የ6 ነጥብ ባለዕዳ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ልጃችን «እንግዲያስ ነጥብም እንደ ገንዘብ ዕዳ አለበትን?» ብሎ ቢደነቅ፥ እናቱና እኅቶቹ ሳቁ። እኛ ግን መሳቅ አልሆነልንም። የጥያቄውን ግማሽ መለስንለት፤ ግማሹን ግን ዋጥነው፤ የዋጥነው ግማሽ የራሳችንን ጥፋት የሚነካ ነበርና። በኋላ ግን ነገሩን ስናስበው፥ ሁለቱንም ግማሽ ለአንባቢዎቻችን ብናቀርብ ሒሳብ ለሚይዙ ሹማምንትም፥ የቤታቸውን አስቤዛ ለሚቈጣጠሩ እመቤቶችም ይጠቅም ይሆናል ብለን ይህን ጻፍን።

ሰው ወደ ኳስ ሜዳ በሄደ ጊዜ ዐሥራ አንዱን ተጫዋች ያያል እንጂ ከበስተኋላቸው ያለውን መዝገብ አያይም። የአንድ ክለብ ገቢ በመጀመሪያ ከተመልካች መግቢያ፥ በሁለተኛ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ለማሳየት ከሚከፈለው ገንዘብ፥ በሦስተኛም ከማስታወቂያና ከልዩ ልዩ ሽያጭ የሚገኝ ነው። ከወጪው የሚበዛው ግን የተጫዋቾች ደመወዝ ነው። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ለምን ቢባል፥ የተጫዋች ውል ለሦስትና ለአራት ዓመት ይፈረማል፤ የቴሌቪዥኑ ገቢ ግን የክለቡን ደረጃ ይከተላል። ክለቡ ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው በወረደ ጊዜ ገቢው በአንድ ክረምት ይደርቃል፤ ውሉ ግን እንደ ተፈረመ ይኖራል። ይህም ማለት አንድ ሹም የአንድ ዓመት አበል ተስፋ አድርጎ ለሦስት ዓመት የትልቅ ቤት ኪራይ እንደ መፈራረም ነው። አበሉ በተቋረጠ ጊዜ ባለቤቱ ኪራዩን አይተውለትም።

ገቢና ወጪ ያልተገናኙለት ክለብ ጕድለቱን የሚሞላው ከባለንብረቱ ኪስ ወይም ከብድር ነው። የባለንብረቱ ኪስ እስካለ ድረስ ጕድለቱ አይታይም፤ እንዲያውም የአስተዳዳሪ ችሎታ ይመስላል። ባለንብረቱ የከሰረ ወይም የሰለቸ ዕለት ግን ቤቱ በምን ምሰሶ ቆሞ እንደ ነበረ ይገለጣል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የፖርትስመዝ ክለብ ነው። ፖርትስመዝ በእንግሊዝ አገር በስተደቡብ በባሕር ዳር ያለች የመርከበኞችና የመርከብ ሠሪዎች ከተማ ናት። ክለቧ በ1898 ተመሥርቶ፥ በ1949ና በ1950 በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ዝቅ ብሎ ኖሮ በ2003 ወደ ላይኛው ደረጃ ተመለሰ። በ2008 በግንቦት ወር ደግሞ ናይጄሪያዊው ካኑ ባገባት አንዲት ጎል ካርዲፍን 1 ለ 0 አሸንፎ የእንግሊዝን የማኅበር ዋንጫ ወሰደ። እኛም በዚያ ቀን በአንድ ቡና ቤት ቴሌቪዥን ፊት ቆመን፥ አፍሪካዊ ወንድማችን ድል ስላደረገ ከሰው ሁሉ ጋር አጨብጭበናል።

ነገር ግን እኛ ስናጨበጭብ መዝገቡ ቀድሞ ታሞ ነበር። የክለቡ ሜዳ ከ20 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ብቻ የሚይዝ ሆኖ ሳለ፥ ተጫዋቾቹን የሚያሳድረው በታላላቆቹ ክለቦች ደመወዝ ነበር። ባለንብረቱ ገንዘብ መስጠቱን ባቆመ ጊዜ ቤቱ ተናጋ። ከ2009 እስከ 2010 በነበረው በአንዱ የውድድር ዘመን ብቻ ክለቡ አራት ባለንብረቶችን አፈራረቀ። ደመወዝ ቀኑን እያሳለፈ ይከፈል ጀመር፤ ለመንግሥት መግባት የሚገባውም ግብር ሳይገባ ቀረ። በ2010 በየካቲት ወር ፖርትስመዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚባለው በላይኛው ደረጃ ሳለ በባላደራ እጅ የገባ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። 9 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ከ80 የሚበልጡ ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ፤ በዓመቱም መጨረሻ ወረደ። በዚያው ዓመት ደግሞ እንደገና ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በቼልሲ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ የገንዘቡ ይዞታ ስለ ተበላሸ ግን በአውሮፓ ውድድር የሚያስገባውን ፈቃድ ማግኘት አልቻለም። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የገንዘብ ጠያቂዎቹ ስም ዝርዝር ነው። ከታላላቆቹ አበዳሪዎችና ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ቀጥሎ፥ በሜዳ ላይ የተጐዱትን የሚያነሣው የቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ስሙ ተገኘ። በእንግሊዝ ሊግ ያለው ደንብ ደግሞ፥ አንድ ክለብ በከሰረ ጊዜ የተጫዋቾች ደመወዝና ለሌሎች ክለቦች ያለበት ዕዳ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ በውድድሩ ውስጥ ያለውን ቦታ መልሶ እንዳያገኝ የሚያደርግ ነው። የደንቡ ምክንያት አለው፤ አንዱ ክለብ ከሌላው ክለብ ተጫዋች ገዝቶ ሳይከፍል ቢያሸንፍበት ውድድሩ ውድድር አይሆንምና። ሆኖም ከዚህ የተነሣ በሺህ የሚቈጠር ፓውንድ በየሳምንቱ ይቀበል የነበረው ሰው ሙሉውን ሲያገኝ፥ ግብር ሰብሳቢው፥ አምቡላንሱና የከተማው ነጋዴ ከተረፈው ይቃመሳሉ። በፖርትስመዝ ለእነዚህ ከእያንዳንዱ ፓውንድ 20 ፔንስ፥ ይኸውም አምስተኛው እጅ፥ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲከፈላቸው ተስማሙ፤ ያም ተከፍሎ ሳያልቅ ክለቡ በ2012 ዳግመኛ በባላደራ እጅ ገባ። የግብሩ መሥሪያ ቤት ይህን ደንብ በፍርድ ቤት ቢከራከርበትም በዚያው በ2012 ተረታ።

ይህን ለልጃችን ስናወራለት ቆይተን ከዚህ ላይ ስንደርስ ነው ዝም ያልነው። ዝም ያልንበትንም እነሆ እንናገራለን።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የአገር ቤት ከተማ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ስናገለግል፥ በመሥሪያ ቤቱ በጀት የሚኖር የእግር ኳስ ክለብ ገንዘብ ያዥ እንድንሆን ተመረጥን። በአገራችን አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት በዚህ ዐይነት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ በከተማ አስተዳደር ወይም በድርጅት በጀት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። ሹመቱ የሚያስከብር ነበር፤ በጨዋታ ቀን በክብር ስፍራ እንቀመጥ ነበር፤ በገበያም መንገድ የማያውቀን ሰው ሳይቀር ባርኔጣውን እያነሣ ሰላምታ ይሰጠን ነበር።

የክለቡ ጉባኤ በዓመቱ መጀመሪያ ቡድኑን ወደ ላይኛው ደረጃ ለማውጣት ቈረጠ፤ ለዚሁም ከዋና ከተማ አንድ ስመ ጥር አጥቂ እንዲመጣ ተወሰነ። ለፊርማው ብቻ የተጠየቀው ገንዘብ፥ የልብስ አጣቢዋን፥ የዘበኛውንና የሾፌሩን የዓመት ደመወዝ ቢደምሩት የማይደርስበት ነበር። ሒሳቡን የሠራነው እኛ ስለ ሆንን የዐሥራ ሁለት ወሩ በጀት በሰባተኛው ወር እንደሚያልቅ እናውቅ ነበር። ሊቀ መንበሩ በጉባኤው ፊት «ገንዘብ ያዡስ ምን ይላሉ?» ብለው በጠየቁን ጊዜ ግን «ጉባኤው እንደ ወሰነ ይሁን» አልን፤ ፈረምንም። ያስፈራን ሰው አልነበረም። በጭብጨባ መካከል ብቻችንን ተቃዋሚ ሆነን መታየት አፍረን ነው እንጂ።

እንዳሰብነው በሰባተኛው ወር ገንዘቡ አለቀ። ከዚያ በኋላ የምናገኘውን ጥቂት ገንዘብ ሁሉ የምናውለው ተጫዋቾቹ ልምምድ እንዳያቆሙ ነበር። በአንድ የጨዋታ ቀን የቡድኑን ማልያ የሚያጥቡት ባልቴት በሜዳው በር ቆመው ጠበቁንና እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፥ ይህ አራተኛ ወሬ ነው። እኔ ኳሱን አላውቀውም፤ የማውቀው ሳሙናውን ከባለሱቁ በዱቤ እንደ ወሰድሁ ነው። ባለሱቁም ማን አገባ ብሎ አይጠይቀኝም።»

እኛም «በሚመጣው ሳምንት ይከፈልዎታል፥ እናቴ» ብለን ገባን። በሚመጣው ሳምንት ምንም ገንዘብ እንደማይኖር እናውቅ ነበር። በዚያ ቀን ቡድናችን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ከበሮ ተመታ፤ እኛም ከሕዝቡ ጋር እጃችንን አነሣን። የተጫዋቾቹ ማልያ ነጭ ነበረ፤ ከክብር ስፍራ ስንመለከተው ንጣቱ ዐይን ይወጋ ነበር።

ማታ ይህን ለባለቤታችን ብንነግራት፥ የአስቤዛ ደብተሯን አምጥታ ገልጣ አሳየችን። «እኔ የወሩን ወጪ ስጽፍ ከሁሉ በፊት የምጽፈው የሠራተኛይቱን ደመወዝ ነው። ሙክት ቢቀር እንግዳ ሽሮ በልቶ ይሄዳል፤ እርስዋ ግን ወሩን ሙሉ ሠርታልናለች። እናንተ መጀመሪያ የጻፋችሁት ሙክቱን ነው» አለችን። በሒሳብ ትምህርት ከተማርነው ሁሉ ይህን የሚያህል ቃል አላገኘንም፤ የመጣልን ግን ከፈረምን በኋላ ነው።

የዚያ ክለብ ፍጻሜ አጭር ነው። ደመወዛቸው የተጓደለባቸው ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ፤ ቡድኑም ወደ ላይ መውጣቱ ቀርቶ ባለበት ለመቆየት አልቻለም። አጥቂው ውሉን ይዞ ከሰሰ፤ መሥሪያ ቤቱም ቅጣት ፈርቶ ገንዘቡን ፈልጎ ከፈለው። እርሱን አንነቅፈውም፤ የተዋዋለውን ነው የጠየቀው። ባልቴቷ ግን የጽሑፍ ውል አልነበራቸውም፤ የሚከሱበትንም ስፍራ አያውቁም። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ እንዲፈርስ ተወሰነ። እኛ ከቤታችን ገንዘብ ጥቂት ቈጥረን ይዘን ወደ ባልቴቷ ብንሄድ፥ ተቀብለው ቈጠሩና «ይህ የሳሙናው ነው» አሉን። ቀጥለውም መረቁን። ያ ምርቃት ከእርግማን ይልቅ ከበደን።

ስለዚህ በፖርትስመዝ የዕዳ ዝርዝር ላይ የአምቡላንሱን ማኅበር ስም ባነበብን ጊዜ ሩቅ አገር አልመሰለንም። ባሕሩን ተሻግሮ የመጣ የእኛው መዝገብ መሰለን።

የፖርትስመዝ ነገር ግን በኀዘን ብቻ አላለቀም። ክለቡ ወደ ሦስተኛው፥ ከዚያም ወደ አራተኛው ደረጃ ሲወርድ፥ ከ2 ሺህ የሚበልጡ ደጋፊዎች እያንዳንዱን ድርሻ በ1 ሺህ ፓውንድ ገዝተው በ2013 በሚያዝያ ወር ክለቡን ከባላደራው ተረከቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሆነና፥ በ2014 የቀድሞውን ዕዳ ከፍለው መጨረሳቸውን አስታወቁ። በ2017 የአራተኛውን ደረጃ አሸነፉ፤ በዚያው ዓመት ያረጀውን ሜዳ ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከዐቅማቸው በላይ መሆኑን አይተው፥ በድምፅ ብልጫ ለአሜሪካዊ ባለሀብት ሸጡት። በ2024 ክለቡ የሦስተኛውን ደረጃ አሸንፎ ወደ ሁለተኛው ወጣ። ደጋፊዎቹ ባለንብረት በሆኑበት ጊዜ ያደረጉት ታላቅ ጥበብ የለም፤ ያላቸውን ቈጥረው ባላቸው ልክ መኖር ብቻ ነው።

የቤሪ ክለብ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ቤሪ በማንቸስተር አጠገብ ያለች ከተማ ስትሆን፥ በ1885 የተመሠረተው ክለቧ በ1900ና በ1903 የማኅበሩን ዋንጫ ወስዷል፤ በሁለተኛው ጊዜ ያሸነፈው 6 ለ 0 ነበር። ይህ ክለብ በ2018 በታኅሣሥ ወር በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። አንድ ፓውንድ ማለት ክለቡ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ገዢው ዕዳውን አብሮ ይረከባል ማለት ነው እንጂ። በ2019 ቡድኑ በሜዳ አሸንፎ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ወጣ፤ ነገር ግን ዕዳውን የሚከፍልበትንና ዓመቱን የሚዘልቅበትን ገንዘብ ማሳየት ስላልቻለ፥ አንድ ጨዋታ ሳያደርግ በነሐሴ 2019 ከሊጉ ተሰረዘ። በመጨረሻው ቀን አዲስ ገዢ ይገኛል የሚል ተስፋ ስለ ነበረ፥ ደጋፊዎቹ መጥረጊያ ይዘው መጥተው ሜዳውንና የመቀመጫውን ስፍራ ሲጠርጉ ዋሉ። ማታ የመሰረዙ ነገር ተነገራቸው። የጠረጉት ሰዎች ስለ ዕዳው አንድም ጊዜ አልተጠየቁም ነበር። በዚያ ሜዳ የክለቡ ስም ተመልሶ የተሰማው ደጋፊዎቹ ብዙ ደክመው በ2023 ነው።

ይህን የመሰለ ነገር ከተደጋገመ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ነገሩን ለመመርመር ተነሣ። በ2021 በሚያዝያ ወር ስድስት ታላላቅ የእንግሊዝ ክለቦች ከሌሎች ስድስት ጋር ሆነው የራሳቸውን ልዩ ሊግ ለማቋቋም ሞክረው፥ ሕዝቡ ስለ ተቈጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ተዉት። ይህም ምርመራውን አፋጠነው። የቀድሞዋ የስፖርት ሚኒስትር ወይዘሮ ትሬሲ ክራውች የመሩት ጉባኤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሐሳቡን አቀረበ፤ ሕጉም በሐምሌ 2025 ጸደቀ። በዚህ ሕግ ነጻ የሆነ የእግር ኳስ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሥልጣኑ በአምስቱ የላይኛው ደረጃዎች ባሉት በ116 ክለቦች ላይ ነው። ክለብ ሁሉ ከእርሱ ፈቃድ እንዲያወጣ፥ የገንዘቡንም ዕቅድ እንዲያሳይ፤ ክለብ የሚገዛ ሰው ማንነቱና የገንዘቡ ምንጭ እንዲመረመር፤ ሜዳው ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ፤ በክለቡ አርማና ቀለም ነገር ደጋፊዎቹ እንዲጠየቁ ያዛል።

ይህን ሕግ የተቃወሙ የላይኛው ደረጃ ክለቦች ነበሩ፤ ምክንያታቸውም ቍጥጥር ሲበዛ ባለሀብት ይሸሻል የሚል ነው። ይህ አስተያየት ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም። እኛ ግን ከደረሰብን ተነሥተን ስንፈርድ፥ መዝገቡን አሳይ ሲባል የሚሸሽ ሰው ቢሸሽ የሚሻል ይመስለናል። ለቤሪ ደጋፊዎች ሕጉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል፤ ለሚቀጥሉት ግን ሳይቃጠል በቅጠል ለመሆን ይችላል። ዋና ጥቅሙም ክለቡ ከወደቀ በኋላ ለማን ይከፈል እያሉ ከመከራከር ይልቅ፥ ሳይወድቅ በምን ትኖራለህ ብሎ መጠየቁ ነው።

በአገራችንም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2019 የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ወሰን ማድረግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወሰን ብቻውን አይበቃም። በጀቱ የሕዝብ ገንዘብ በሆነበት ስፍራ፥ የክለቡ ሒሳብ በየሦስት ወሩ ተመርምሮ ቢነገር፥ ተጫዋች ከመቅጠር በፊት የታናናሾቹ ሠራተኞች የዓመት ደመወዝ ተለይቶ ቢቀመጥ፥ የልብስ አጣቢም የዘበኛም ውል በጽሑፍ ቢሆን፥ ለዚህ ብዙ ሊቅነት አያሻም። የሚያሻው ገንዘብ ያዡ በጭብጨባ መካከል «ገንዘብ የለንም» የምትለውን አጭር ቃል እንዲናገር ነው። ያችን ቃል በጊዜዋ ያልተናገረ ሰው፥ በኋላ ረጅም ጽሑፍ ቢጽፍ የሳሙናውን እንጂ የድካሙን ዋጋ አይከፍልም።

በሚቀጥለው እሑድ የቀረውን ግማሽ መልስ ለልጃችን ነገርነው። ዝም ብሎ ሰምቶን ሲያበቃ፥ «ለእኒያ እናት የቀረው ገንዘብ በኋላ ተከፈላቸውን?» ሲል ጠየቀን። «አልተከፈላቸውም» አልነው። በእኛ ስም አፈረ፤ ማፈሩም ደስ አሰኘን። የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በማናቸውም ማኅበር፥ በማናቸውም ቤት ሒሳብ ስትይዙ ወይም ስታስይዙ፥ ከድምሩ በፊት መጀመሪያ የተጻፈው የማን ስም እንደ ሆነ ተመልከቱ።